በጣታችን ጫፍ ላይ ያለ አማና፦ ኢንተርኔት ለሕዝብ ድምፅ ረዳት ነው ወይስ ጠላት?

 

አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ከአንድ ዘመዳችን በዋትሳፕ ፎቶግራፍ ደረሰን። ፎቶግራፉ በእሳት የሚነድ መስጂድ ያሳያል። ከሥሩ የአንዲት የአገራችን ከተማ ስም ተጽፎ፣ ነገሩ የተፈጸመው በዚያው ዕለት እንደሆነና ወሬውን ለሌሎች ማድረስ የእያንዳንዱ ሙስሊም ግዴታ እንደሆነ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ታክሎበታል። ልባችን ደነገጠ። ጣታችን ግን ከልባችን ቀደመ። ምንም ሳናመዛዝን ለቤተሰብም ለወዳጅም አስተላለፍነው።

በማግሥቱ በዚያች ከተማ ለሚኖር ወንድማችን ስንደውልለት፣ የሱብሒን ሶላት እዚያው ተቃጠለ በተባለው መስጂድ ሰግዶ መመለሱን በመገረም ነገረን። ፎቶግራፉ ለካ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ኖሯል። እርማት ጽፈን ፎቶግራፉን ለላክንላቸው ሁሉ ላክን። ይሁን እንጂ ወሬው ከእነርሱ እጅ ወጥቶ ወደ ስንት ሰው እንደተሻገረ ልናውቅ አልቻልንም። በዚያች ሌሊት በእኛ ምክንያት ጎረቤቱን በክፉ ዓይን ያየ ሰው ይኖር ይሆን? ጥያቄው እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

ይህን ጉድለታችንን በአደባባይ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንተርኔትና ማኅበራዊ ሚዲያ ሕዝብ ራሱን በራሱ ለማስተዳደር የሚያደርገውን ጥረት ይረዳሉ ወይስ ያፈርሳሉ የሚለው ጥያቄ በየጉባኤው የሚነሳ የምሁራን ክርክር ብቻ መስሎ ይታያል። እውነቱ ግን ጥያቄው በየቤታችን፣ በየኪሳችንና በየልጆቻችን እጅ ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ነው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት እንሞክራለን።

ለመሆኑ ዴሞክራሲ ምን ይፈልጋል?

ዴሞክራሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን በምርጫ ቀን የሚታየው ረጅም ሰልፍና የድምፅ መስጫው ሳጥን ነው። እርግጥ ነው፣ ያለ ምርጫ ዴሞክራሲ የለም። ነገር ግን ምርጫው ትርጉም እንዲኖረው ሦስት ነገሮች አስቀድመው መገኘት ይኖርባቸዋል። አንደኛ፣ ሕዝቡ በደሉንም ሆነ ምኞቱን ያለ ፍርሃት መናገር መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ የሚሰማው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት የሚያጣራበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፣ በሐሳብ የተለያዩ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚመካከሩበትና የሚተማመኑበት ሥርዓት ያስፈልጋል። መመካከር ለሙስሊም ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቁርኣን ሱራዎች አንዷ አሽ-ሹራ፣ ማለትም ምክክር ተብላ መጠራቷን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ።

እንግዲህ የጽሑፋችን ጥያቄ እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፦ ኢንተርኔት ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን ሰጠን? የትኛውንስ ነሳን?

ድምፅ ላጣ ሕዝብ ድምፅ መሆኑ

የመጀመሪያውን፣ ማለትም የመናገርን ዕድል፣ እንደሰጠን አያጠራጥርም። ለዚህ ከሁሉ የላቀው ምሳሌ የግብጽ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ በሰኔ ወር 2010 በእስክንድርያ ከተማ ኻሊድ ሰዒድ የተባለ የ28 ዓመት ወጣት በፖሊሶች እጅ ተደብድቦ ሞተ። የመንግሥት ሰዎች ሌላ ምክንያት ሰጡ። ቀድሞ ቢሆን ነገሩ በዚሁ ተዳፍኖ ይቀር ነበር፤ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም በአብዛኛው ከመንግሥት ቁጥጥር ያልወጣ ነበርና። የተጎሳቆለው የወጣቱ ፊት ፎቶግራፍ ግን በኢንተርኔት ተሰራጨ። በዱባይ በጉግል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ግብጻዊው ዋኢል ጎኒም ስሙን ሳይገልጽ «ሁላችንም ኻሊድ ሰዒድ ነን» የሚል የፌስቡክ ገጽ ከፈተ። ገጹን በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከተሉት። እ.ኤ.አ ጥር 25 ቀን 2011 ሕዝቡ ወደ አደባባይ እንዲወጣ ጥሪ የተላለፈውም በዚሁ ገጽ ነበር። ለ30 ዓመታት ያህል አገሪቱን የገዙት ሑስኒ ሙባረክ በ18 ቀናት ውስጥ፣ የካቲት 11 ቀን 2011፣ ከሥልጣን ወረዱ።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ2004 ዓ.ም በአወሊያ የተጀመረው የሙስሊሙ ሕዝብ የመብት ጥያቄ ሲነሳ፣ ቴሌቪዥኑና አብዛኛው ራዲዮ በመንግሥት እጅ ነበሩ። ሙስሊሙ የራሱን ጥያቄ በራሱ አንደበት የሚያሰማበት ሰፊ መድረክ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ «ድምፃችን ይሰማ» የተሰኘው የፌስቡክ ገጽ በየጁሙዓው የሚደረገውን፣ እንዴትም በሰላም እንደሚደረግ ለሕዝቡ ሲያሳውቅ ቆየ። ጥያቄውን ይዘው እንዲቀርቡ የተመረጡት የኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በ2007 ዓ.ም ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት በ2010 ዓ.ም ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጉዳዩ እንዳይረሳ ያደረገው አንዱ ነገር ይኸው የኢንተርኔት መንገድ እንደነበር ማንም አይክደውም።

ይሁን እንጂ በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የግብጽ መንግሥት እ.ኤ.አ ጥር 28 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔትን ዘጋ። ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ሰልፉ ይበተናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሕዝቡ ከሶላት በኋላ ከየመስጂዱ እየወጣ ከዚያ በፊት ካልታየ ብዛት ጋር መንገዱን ሞላው። የእኛም አገር እንቅስቃሴ በገጽ ብቻ የቆመ አልነበረም። ሕዝቡ በአካል የሚያውቃቸውና የመረጣቸው ሰዎች፣ በየሳምንቱም ትከሻ ለትከሻ የሚገጥምበት መስጂድ ነበረው። ኢንተርኔቱ ጥሪውን አደረሰ እንጂ መተማመኑን አልፈጠረውም። መተማመኑ ቀድሞ ነበረ።

ድምፁ ወጣ፤ ምክክሩስ?

ከሙባረክ መውረድ በኋላ የግብጽ ዕጣ ምን ሆነ? ሕዝቡን ወደ አደባባይ በአንድ ልብ ያወጣው መሣሪያ፣ ከአደባባይ በኋላ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጠው አልቻለም። በ2012 ምርጫ ተደርጎ ሙሐመድ ሙርሲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነገር ግን በማኅበራዊ ሚዲያው ላይ አንዱ ወገን ሌላውን እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን እንደ ጠላት ማየት ጀመረ። ወሬ በወሬ ላይ ተከመረ። እ.ኤ.አ ሐምሌ 3 ቀን 2013 የጦር ኃይሉ ሥልጣኑን ያዘ። በቀጣዩ ወር በካይሮ በራቢዓ አደባባይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ።

ያንን ዝነኛ ገጽ የከፈተው ዋኢል ጎኒም ከዓመታት በኋላ ስለ ራሱ ስሕተት በግልጽ ተናግሯል። ቀድሞ አንድን ሕዝብ ነፃ ለማውጣት ኢንተርኔት ብቻ ይበቃል የሚል እምነት ነበረው። ኋላ ግን ይህ ትክክል እንዳልነበረ አመነ። ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያወራው ከሚመስለው ሰው ጋር ብቻ መሆኑን፣ ለእምነቱ የሚስማማ ወሬ ሲመጣለት ሳያጣራ እንደሚቀበል፣ ቁጣ የተሞላበት ንግግርም ከሰከነው ንግግር ይልቅ ሰሚ እንደሚያገኝ በራሱ አገር ላይ አየው። ምስክርነቱ ከመሣሪያው ጠላት ሳይሆን ከወዳጁ የመጣ በመሆኑ ክብደት አለው።

የምያንማር ትምህርት

በግብጽ መሣሪያው መጀመሪያ በተገዢዎች እጅ ነበር። በገዢዎች እጅ ሲገባስ ምን ያደርጋል? ይህን ለማየት ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ የቀድሞ ስሟ በርማ ወደነበረው ወደ ምያንማር እንሻገር። ይህች አገር ከ1962 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት በጦር ኃይል ስትገዛ የቆየች ናት። በዚያ ዘመን አንድ የሞባይል ሲም ካርድ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ በ2014 የውጭ የስልክ ኩባንያዎች ሲገቡ ግን ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ወረደ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ፣ ኮምፒዩተር ሳያይ፣ ነፃ ጋዜጣ የማንበብ ልምድ ሳያዳብር፣ በአንድ ጊዜ የስማርት ስልክ ባለቤት ሆነ። ለአብዛኛውም ሰው ኢንተርኔት ማለት ፌስቡክ ማለት ነበር። ብዙዎች ይህን የነፃነት ማለዳ አድርገው አዩት።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በማንዳላይ ከተማ አንድ ወሬ በፌስቡክ ተለቀቀ። ሙስሊም የሆነ የሻይ ቤት ባለቤት ቡድሂስት ሠራተኛውን ደፈራት የሚል ነበር። በሙስሊሞች ላይ በሚያሰሙት ጥላቻ የታወቁት መነኩሴ ዊራቱ ወሬውን አሰራጩት። የተቆጣ ሕዝብ ወጣ። ሁለት ሰዎች ተገደሉ፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ቡድሂስት። ኋላ ላይ ክሱ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጦ በነገሩ እጃቸው የነበረበት ሰዎች ተፈረደባቸው። ፍርዱ ግን የሞቱትን አልመለሰም።

የማንዳላይ ነገር የመጪው ጥፋት ማስጠንቀቂያ ነበር። በአገሪቱ ምዕራብ በራኻይን ግዛት የሚኖሩት የሮሂንጋ ሙስሊሞች በ1982 በወጣው የዜግነት ሕግ ምክንያት በተወለዱበት ምድር ዜግነት የተነፈጉ ሕዝቦች ናቸው። በፌስቡክ ላይ እነርሱን ወራሪና ከሰው በታች አድርጎ የሚያሳይ ጽሑፍና ምስል ለዓመታት ሲፈስ ኖረ። እ.ኤ.አ በነሐሴ ወር 2017 የሮሂንጋ ታጣቂዎች በፖሊስ ጣቢያዎች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን ተከትሎ ጦሩ በመላው ሕዝብ ላይ ዘመተ። መንደሮች ተቃጠሉ። ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ወንዝ ተሻግረው ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። እስከ ዛሬም ብዙዎቹ በኮክስ ባዛር መጠለያዎች ውስጥ ይኖራሉ።

በዚያን ጊዜ ምን ይደረግ እንደነበር በኋላ ተገልጧል። የአሜሪካው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ በ2018 እንደዘገበው፣ የምያንማር ጦር እስከ 700 የሚደርሱ ሰዎችን በድብቅ ለዚህ ሥራ አሰማርቶ ነበር። የዘፋኞችና የቆነጃጅት አድናቂዎች የሚመስሉ ገጾችን ከፍተው ተከታይ ካበዙ በኋላ በእነርሱ በኩል ጥላቻ ያሰራጩ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። በመስከረም 2017 ለቡድሂስቶች «ሙስሊሞች ሊያጠቋችሁ ነው» የሚል፣ ለሙስሊሞች ደግሞ «ቡድሂስቶች ሊነሱባችሁ ነው» የሚል መልእክት በየግል ስልካቸው እንዲደርሳቸው ተደረገ። ሁለቱም ፈሩ። የፈራ ሕዝብ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂ ነኝ ባዩ ጦሩ ራሱ ነበር። መልእክቱን ከወዳጅ ለወዳጅ ያሻገሩት ሰዎች ግን የማን መሣሪያ እንደሆኑ አላወቁም። እነርሱም እንደ እኛ ወንድሞቻቸውን ያስጠነቀቁ መስሏቸው ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመርማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ በ2018 ማኅበራዊ ሚዲያ ለዚህ ግፍ ወሳኝ ሚና እንደነበረው ገለጸ። ፌስቡክ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የጦሩን አዛዥ የሚን አውንግ ህላይንግን ጨምሮ የብዙ የጦር ሹማምንትን ገጾች ዘጋ። ገጾቹ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ተከታዮች ነበሯቸው። ኩባንያው በኅዳር ወር ተገቢውን እንዳላደረገ አመነ። ነገር ግን ስደቱ ከተፈጸመ ዓመት አልፎ ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በፌስቡክ ላይ ፎቶግራፉና ክስ ተለጥፎበት ከቆየ በኋላ በባሕር ዳር በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ በጥይት ተገደለ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2022 በናይሮቢ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

ቁጣ ሲሸጥ

ይህ ሁሉ ለምን ይሆናል? ነገሩን ለመረዳት የእነዚህ ኩባንያዎች ገቢ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ከእኛ የመግቢያ ዋጋ አይቀበሉም። የሚሸጡት የእኛን ዓይን ነው። ሰው ስልኩ ላይ ብዙ በቆየ መጠን ብዙ ማስታወቂያ ያያል፤ ኩባንያውም ብዙ ያተርፋል። ስለዚህ የትኛው ጽሑፍ ከፊታችን ይቅረብ የሚለውን የሚመርጠው የኮምፒዩተር ስሌት የሚጠይቀው «እውነት ነውን?» ብሎ ሳይሆን «ሰውን ይይዛልን?» ብሎ ነው። እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የወጡ የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የቁጣ ምልክት የተሰጠው ጽሑፍ «ላይክ» ከተሰጠው በ5 እጥፍ የበለጠ ክብደት ይሰጠው ነበር። ይህም ማለት የሚያስቆጣ ነገር ወደ ፊት ይገፋ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በኩባንያ ላይ ጭነን ልንገላገል አንችልም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር ላይ የተሰራጩ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን መርምረው ውጤቱን በ2018 አሳትመዋል። ሐሰተኛ ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ የመሻገር ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። ለዚህም ዋናው ምክንያት በማሽን የሚንቀሳቀሱ አካውንቶች ሳይሆኑ ሰዎች ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ውሸት አዲስ ነገር ይመስላል፤ ያስደነግጣል፤ ያስገርማል። የሰው ልጅም ያስገረመውን ነገር ለሌላው ቀድሞ መንገር ይወዳል። ማሽኑ ያቀርብልናል፤ የምናሻግረው ግን እኛ ነን።

መዝጋት መፍትሔ ነውን?

አንዳንድ ወላጆች ይህን ሁሉ ሲሰሙ፣ «እንግዲያውስ ቢዘጋ አይሻልም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄያቸው ከጭንቀት የመጣ በመሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ግን ከራሳችን አገርና ከዚያችው ከምያንማር እናገኘዋለን።

በሰኔ 2012 ዓ.ም ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመርም ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያ ጨለማ ውስጥ እናት ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ወራት አለፉ። በሌላው አገር ያለው ወገንም የተፈጸመውን በጊዜው ሊሰማ አልቻለም። ኢንተርኔት ሲዘጋ ሐሰት ብቻ አይደለም የሚታፈነው። የተበደለ ሰው ጩኸትም አብሮ ይታፈናል። በመጋቢት 2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የበኩሉን ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ወሬው ከተሻገረ፣ ጉዳቱም ከደረሰ በኋላ ነው።

ወደ ምያንማር እንመለስ። እ.ኤ.አ የካቲት 1 ቀን 2021 ያው ጦር የተመረጠውን መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን ያዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ፌስቡክን ዘጋ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ጥላቻን ያሰራጨበትን መሣሪያ አሁን ፈራው። ሕዝቡ በዚያው መሣሪያ እየተጠራራ ሥራ የማቆም አድማ ያደርግ ነበርና። በዚያን ጊዜ ሌላም ነገር ተከሰተ። ጦሩ በእነርሱም ላይ ሲተኩስ ያዩ ብዙ የምያንማር ወጣቶች፣ ስለ ሮሂንጋዎች የተነገራቸውን ሁሉ ማመናቸውን አስታውሰው በዚያው በማኅበራዊ ሚዲያ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ጦሩን የሚቃወመው መንግሥትም በሰኔ 2021 የ1982ቱን የዜግነት ሕግ እንደሚሽር ቃል ገባ። ይቅርታው የሚያስመሰግን ነው። ግን የመጣው 700 ሺህ ሰው ከተሰደደ በኋላ ነው። የእኛ ጭንቀትም ይኸው ነው፤ እውነቱ ከጥፋቱ በኋላ እንዳይደርስ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ መፍትሔው መንገዱን በመዝጋት ላይ ሳይሆን እርምጃን በማዘግየት ላይ መሆኑን ነው። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ በ2018 በሕንድ በሐሰተኛ ወሬ ምክንያት ሰዎች በደቦ ከተገደሉ በኋላ፣ አንድ ሰው አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ወይም ቡድኖች እንዳያሻግር ገደበ። በ2020 ደግሞ እጅግ የተደጋገመ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ እንዲሻገር አደረገ። ኩባንያው እንዳለው የእነዚህ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ ቀነሰ። ማንንም ዝም አላሰኘም፤ ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ጨመረ።

ከቤታችን እንጀምር

ኩባንያው የጨመረውን ትዕግሥት እኛ ለራሳችን ልንጨምረው አንችልምን? በሱረቱ አል-ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ሲመጣን፣ ባለማወቅ ሌሎችን ጎድተን በሠራነው እንዳንጸጸት እንድናጣራ ታዘናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የሰማውን ሁሉ መናገሩ ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃው አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ከስልክ በፊት የተሰጠ ቢሆንም፣ ከስልክ በኋላ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ቀድሞ አንድ ሰው የሰማውን ቢያወራ ለጎረቤቱ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ጣት ንክኪ ለሺዎች ያወራል።

ስለዚህ ለቤተሰቦቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

የመጀመሪያው፣ መልእክት ሲደርሰን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን አየው? መቼ ሆነ? የት ሆነ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ መልስ ከሌለው አናሻግረው። ማሳሰቢያው «ለሌሎች አድርስ» ብሎ በጎተጎተን መጠን ጥርጣሬያችን ይጨምር። ጊዜው ፎቶግራፍና ድምፅ ሳይቀር በኮምፒዩተር የሚፈበረክበት ስለሆነ፣ በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው፣ ልብ ያቃጠለን ወሬ ሲመጣ እናሳድረው። እውነት ከሆነ ነገም እውነት ነው። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ እስኪነጋ ይጋለጣል። የማይዘገይ አደጋ የሚመስል ከሆነ፣ ለሺህ ሰው ከማሻገር ይልቅ በስፍራው ላለ አንድ ሰው መደወል ይበልጣል። እኛን ከስሕተታችን ያወጣን ያ አንድ የስልክ ጥሪ ነበር፤ የደወልነው ግን ዘግይተን ነው።

ሦስተኛው፣ በቤታችን ውስጥ ሹራ እንፍጠር። ወጣቶች ሆይ! የፎቶግራፍን ምንጭ እንዴት እንደሚፈልጉ እናንተ ታውቃላችሁ። አባትና እናታችሁ የተሳሳተ ነገር ሲያሻግሩ አትሳቁባቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ በአክብሮት አሳዩአቸው። ወላጆች ሆይ! እናንተ ደግሞ የሰውን ጠባይ፣ የጎረቤትን ዋጋ፣ የቁጣን መጨረሻ ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁ ከሌላ እምነት ወይም ከሌላ ብሔር ስለሆነ ሰው የሰሙትን ሲነግሯችሁ፣ «እከሌን ታውቀዋለህ? ቤቱ ገብተሃል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በስልክ የሚታወቅ ጠላት በአካል ሲገኝ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ሆኖ ይገኛል።

አራተኛው፣ የተሳሳትን እንደሆነ ስሕተቱን በለቀቅንበት ቡድን ውስጥ፣ ስሕተቱን ባሰማንበት ድምፅ እናርም። ብዙዎቻችን መልእክቱን በዝምታ አጥፍተን እናልፋለን። ያ ግን ወሬው በሌሎች ልብ ውስጥ እንዲቀር መተው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ያነሳነውን ጥያቄ እንመልስ። ኢንተርኔት ለዴሞክራሲ ከሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች የመጀመሪያውን፣ ድምፅን፣ በልግስና ሰጥቶናል። ይህን ጸጋ ማቃለል አይገባም፤ ያለ እርሱ ስንት በደል ተዳፍኖ በቀረ ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ ማለትም ማጣራትንና መመካከርን ግን አልሰጠንም። እነዚህ ከሰው ይጠበቃሉ። ድምፅ ብቻውን ያለ ማጣራት ሲሄድ የማንዳላይን ሻይ ቤት ያስታውሰናል። ያለ ምክክር ሲሄድ ደግሞ የካይሮን አደባባይ ያስታውሰናል። ከሦስቱም ጋር አብሮ ሲሄድ ሕዝብን ይጠቅማል።

ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ምስክር ይሰማል። መራጭም ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃል። በኪሳችን ያለው ስልክ እያንዳንዳችንን በየቀኑ ዳኛም መራጭም አድርጎናል። የምናሻግረው እያንዳንዱ ወሬ በአንድ ሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከእኛ ርቆ የሚኖር፣ ልናየው የማንችል፣ ነገር ግን ቤትና ልጆች ያሉት ሰው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ከመናገር በፊት ማጣራትን፣ ከቁጣ በፊት ትዕግሥትን ይወፍቀን። ባለማወቅ ያሻገርነውንም ይቅር ይበለን። ኣሚን።